የአክሱም ሥልጣኔና ለጥናት የተዋቸው ማስረጃዎች

ጥንታዊ ሥልጣኔዎችን ማጥናት ማለት ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ያለፉ ማኅበረሰቦች የተዋቸውን ቅሪቶች ሰብስቦ፣ መርምሮና እርስ በርስ አመሳክሮ የአኗኗራቸውን፣ የአስተዳደራቸውን፣ የንግዳቸውንና የእምነታቸውን ሁኔታ መረዳት ማለት ነው። ይህ የጥናት መስክ በአንድ ዓይነት ማስረጃ ብቻ አይመራም። የድንጋይ ላይ ጽሑፍ፣ ሳንቲም፣ የሕንፃ ፍርስራሽ፣ መቃብር፣ የሸክላ ገል፣ የተቃጠለ የእህል ፍሬ፣ የውጭ ተጓዦች ዘገባ እንዲሁም ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ ትውፊት ሁሉም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

በሀገራችን ሰሜናዊ ክፍል በትግራይ የምትገኘው አክሱም እነዚህ የማስረጃ ዓይነቶች በአንድነት ከሚገኙባቸው ጥቂት የዓለም ሥፍራዎች አንዷ ናት። የአክሱም መንግሥት ከክርስቶስ ልደት በኋላ ከመጀመሪያው እስከ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ በቀይ ባሕር አካባቢ ኃያል ሆኖ የቆየ፣ የራሱን ገንዘብ ያሳተመና የራሱን ፊደል ለመንግሥት ሥራ ያዋለ መንግሥት ነበር። ጥንታዊቷ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1980 በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ሰፍራለች። ይህ ጽሑፍ ስለ አክሱም የሚታወቀው ነገር በምን ማስረጃ እንደ ታወቀና ገና ከመሬት በታች ያለውን ማስረጃ ለመጠበቅ የአስተዳደር አካላት ምን ድርሻ እንዳላቸው ባጭሩ ያቀርባል።

የውጭ ጸሐፊዎች ምስክርነት

ስለ አክሱም ከተጻፉት የውጭ ምንጮች ቀዳሚው ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ በግሪክ ቋንቋ የተዘጋጀው፣ «ፔሪፕለስ» በሚል መጠሪያ የሚታወቀው የቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ የንግድ መመሪያ ነው። የመመሪያው ጸሐፊ ማንነት ባይታወቅም መጽሐፉ ለነጋዴዎች የተዘጋጀ በመሆኑ ዝርዝሩ ተግባራዊ ነው። የአዱሊስን ወደብ፣ ከአዱሊስ ወደ ቆሎኤ የሦስት ቀን፣ ከቆሎኤ ወደ አክሱም ደግሞ የአምስት ቀን መንገድ መኖሩን ይገልጻል። ከአካባቢው የሚላኩትን የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የባሕር ኤሊ ድንጋይ፣ ወደ አካባቢው የሚገቡትን ጨርቃ ጨርቅ፣ የብርጭቆ ዕቃ፣ ብረታ ብረት፣ የወይን ጠጅና የወይራ ዘይት ይዘረዝራል። በዚያን ጊዜ የነበረው ገዥ ዞስካሌስ እንደሚባልና የግሪክን ጽሑፍ እንደሚያውቅም ይጠቅሳል።

በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የፋርስ የሃይማኖት መምህር ማኒ ተናገራቸው ተብለው ከተመዘገቡት ቃላት መካከል አክሱምን ከሮም፣ ከፋርስና ከቻይና ጋር በዘመኑ ከነበሩት አራት ታላላቅ መንግሥታት አንዷ አድርጎ የሚቆጥር ይገኝበታል። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስን የጎበኘው ነጋዴ ኮስማስ ኢንዲኮፕለስቴስ በበኩሉ በወደቧ የነበሩትን ሁለት የግሪክ ጽሑፎች በአፄ ካሌብ ዘመን ገልብጧቸዋል። ጽሑፎቹ የተቀረጹባቸው ድንጋዮች ዛሬ የሉም። ይሁን እንጂ ቅጂው በመጽሐፉ ተጠብቆ በመቆየቱ ይዘታቸው ሊታወቅ ችሏል። አንድ ተጓዥ በጥንቃቄ የወሰደው ማስታወሻ ድንጋዩን ተክቶ እስከ ዛሬ ሲመሰክር ይኖራል።

የውጭ ምንጮች ጠቀሜታቸው የጎላ ቢሆንም ውስንነት አላቸው። ነጋዴው የሚያየው ወደቡንና ገበያውን ነው፤ ስለ አርሶ አደሩ፣ ስለ ሸክላ ሠሪዋና ስለ ድንጋይ ጠራቢው የሚጽፈው እጅግ ጥቂት ነው። ይህን ክፍተት የሚሞሉት ከሀገር ውስጥ የሚገኙት ማስረጃዎች ናቸው።

የድንጋይ ላይ ጽሑፎች

የአክሱም ነገሥታት ድላቸውን፣ ውሳኔያቸውንና ለአምላካቸው ያቀረቡትን ምስጋና በድንጋይ ላይ አስቀርጸዋል። ከእነዚህ ውስጥ ይበልጥ የታወቀው በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በነገሠው በንጉሥ ኢዛና የተቀረጸው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ አንዱን ጉዳይ በሦስት መልክ ያቀርባል፤ በግሪክ ቋንቋ፣ በግእዝ ቋንቋ በግእዝ ፊደል፣ እንዲሁም በግእዝ ቋንቋ በሳባውያን ፊደል። የዚሁ ጽሑፍ ሌላ ቅጂ ከጊዜ በኋላ በአካባቢው አርሶ አደሮች መሬት ሲቆፍሩ ተገኝቶ በዚያው በተገኘበት ሥፍራ መጠለያ ተሠርቶለታል።

የጽሑፉ ይዘት ስለ ቤጃ ሕዝብ የተካሄደን ዘመቻ የሚመለከት ሲሆን ስድስት የቤጃ ነገሥታት ከነተከታዮቻቸው፣ በድምሩ 4,400 ሰዎች፣ ምግብና ልብስ እየተሰጣቸው ወደ ሌላ ሥፍራ ተወስደው እንዲሰፍሩ መደረጉን ይዘግባል። የሰው ብዛት፣ የከብት ብዛትና የዕለት ቀለብ ሳይቀር በቁጥር መስፈሩ መንግሥቱ መዝጋቢዎችና ቆጣሪዎች እንደነበሩት ያመለክታል። ለዛሬው የመንግሥት ሠራተኛ ይህ ድንጋይ የድል ሐውልት ብቻ ሳይሆን ከ1,600 ዓመታት በፊት የተጻፈ የሥራ ሪፖርትም ጭምር ነው ማለት ይቻላል።

የጽሑፉ መልክ ራሱም ማስረጃ ነው። ቀደም ያሉት የግእዝ ጽሑፎች ተነባቢ ፊደላትን ብቻ የሚጠቀሙ ሲሆኑ በኢዛና ዘመን ግን ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያሉት የአናባቢ ምልክቶች በፊደላቱ ላይ ተጨምረው መታየት ይጀምራሉ። በመሆኑም ዘመኑ ያልተጻፈበትን ድንጋይ በፊደሉ ቅርፅ ተመርቶ በግምት በየትኛው ዘመን እንደተቀረጸ መለየት ይቻላል።

ሳንቲሞች እንደ ታሪክ መዝገብ

አክሱም ከሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ጀምሮ እስከ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሳንቲሞችን አሳትማለች። በሳንቲም ስሙ የታወቀው የመጀመሪያው ንጉሥ እንዱቢስ ነው። ከእርሱ በኋላ የተነሡት ነገሥታት አብዛኞቹ የሚታወቁት በሳንቲሞቻቸው ብቻ ነው። ሳንቲሞቹ ባይገኙ ኖሮ ስማቸው ጨርሶ በተረሳ ነበር።

ሳንቲም ለተመራማሪው በርካታ ነገሮችን ይናገራል። በወርቁ ሳንቲም ላይ የሚገኘው ጽሑፍ በአመዛኙ በግሪክ ቋንቋ ነው፤ ይህም የወርቁ ገንዘብ ለባሕር ማዶ ንግድ የታሰበ መሆኑን ያሳያል። በብርና በነሐሱ ላይ ግን ግእዝ እየሰፋ ሄዷል፤ እነዚህ በሀገር ውስጥ ገበያ የሚዘዋወሩ ነበሩና። በንጉሡ ምስል ግራና ቀኝ የሚታየው የእህል ዛላ የመንግሥቱ ሀብት መሠረት እርሻ እንደነበር ይመሰክራል። የብርና የነሐስ ሳንቲሞችን በከፊል በወርቅ የመለበጥ ጥበብ የአክሱም ልዩ መታወቂያ ሲሆን በኋለኞቹ ዘመናት የወርቁ ጥራት እየቀነሰ መሄዱ ደግሞ መንግሥቱ የገጠመውን የኢኮኖሚ ችግር የሚጠቁም ነው። በአንዳንድ የነሐስ ሳንቲሞች ላይ «ይህ ሀገሪቱን ደስ ያሰኝ» የሚል ትርጉም ያለው የግሪክ ቃል ተቀርጿል። ገንዘቡን የሚያሳትመው አካል የሕዝቡን እርካታ እንደ ግብ አስቀምጦ በገንዘቡ ላይ መግለጹ በጥንቱ ዓለም እምብዛም የማይታይ ነገር ነው።

ሳንቲሞች የሚገኙበት ሥፍራም የራሱ ትርጉም አለው። በደቡብ የመን በአንድ ሥፍራ ተቀብረው የተገኙት በመቶ የሚቆጠሩ የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች ከሮም የወርቅ ሳንቲሞች ጋር ተቀላቅለው መገኘታቸው አክሱም ከቀይ ባሕር ማዶ የነበራትን ግንኙነት ስፋት ያረጋግጣል። አፄ ካሌብ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ደቡብ አረቢያ ያደረጉት ዘመቻ በግሪክ ጸሐፊዎች፣ በሶርያ መጻሕፍትና በየመን በተገኙ የግእዝ ጽሑፍ ቁርጥራጮች ጭምር ተረጋግጧል።

ሐውልቶችና መቃብሮች

የአክሱም ሐውልቶች በከተማዋ ምዕራብ ከሚገኘው ከጎቦ ድራ ኮረብታ ተጠርበው የመጡ ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ወድቆ የተሰበረው ሐውልት 33 ሜትር ያህል ርዝመትና 520 ቶን ያህል ክብደት እንዳለው ይገመታል። ዛሬም ቆሞ የሚታየው ሐውልት 21 ሜትር ገደማ፣ ከሮም የተመለሰው ደግሞ 24 ሜትር ገደማ ቁመት አላቸው። በጎቦ ድራ ተጀምረው ያልተጨረሱ ድንጋዮችና ዓለቱን ለመሰንጠቅ በተርታ የተበሱ ጎድጓዳ ምልክቶች እስከ ዛሬ ይታያሉ። ከእነዚህ ምልክቶች በመነሣት ጠራቢዎቹ ድንጋዩን ከዓለቱ እንዴት እንደለዩት ማወቅ ተችሏል።

በታላላቆቹ ሐውልቶች ላይ የተቀረጹት በሮች፣ መስኮቶችና ከግድግዳ ወጣ ብለው የሚታዩት «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት ክብ ቅርፆች ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃን ይመስላሉ። ትልቁ ሐውልት 13 ፎቅ ያለውን ሕንፃ አስመስሎ ተቀርጿል። በዘመኑ እንዲህ ያለ ረጅም ሕንፃ ነበረ ማለት ባይሆንም ግድግዳው በድንጋይና በእንጨት ተርታ የሚሠራበትን ዘዴ በትክክል ያሳያል። በእንጨት የተሠሩት የጥንቱ ሕንፃዎች በስብሰው ወይም ተቃጥለው ጠፍተዋል። ይሁን እንጂ በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ይኸው የአሠራር ዘዴ ሕያው ሆኖ ይገኛል፤ በላሊበላ የቤተ አማኑኤል ውቅር ቤተ ክርስቲያንም በዓለት ላይ ተመስሎ ተቀርጿል። እንግዲህ የጠፋው የእንጨት ሕንፃ በሐውልቱ፣ በገዳሙና በውቅሩ በኩል ሦስት ጊዜ ተመስክሮለታል።

ሐውልቶቹ የመቃብር ምልክቶች ናቸው። ከሥራቸው «ንፋስ ማውጫ» የሚባለውንና በሸክላ ጡብ ቅስቶች የተሠራውን መቃብር ጨምሮ ሰፋፊ የመቃብር ክፍሎች ተገኝተዋል። በጡብ ቅስቶች መቃብር ውስጥ የተገኙት በጥንቃቄ የተቀረጹ የዝሆን ጥርስ ሥራዎች የአክሱም ጠቢባን የዝሆን ጥርሱን ለውጭ ገበያ በጥሬው ከመላክ አልፈው በሀገር ውስጥ ወደ ጥበብ ሥራ ይለውጡት እንደነበር አሳይተዋል። ትልቁ ሐውልት ሲወድቅ የንፋስ ማውጫን ግዙፍ የጣሪያ ድንጋይ መትቶታል። ሐውልቱ ከቆመ በኋላ ብዙ ዘመን ሳይቆይ፣ ምናልባትም በመትከል ላይ ሳለ ሳይወድቅ እንዳልቀረ በርካታ ተመራማሪዎች ያምናሉ።

ዘመንን የመለየት ዘዴ

የጥንት ጥናት ከሚመልሳቸው ጥያቄዎች ዋነኛው «መቼ?» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ዘዴ የአፈር ንብርን መከተል ነው። ያልተረበሸ ሥፍራ ሲቆፈር ታችኛው ንብር ቀዳሚ፣ ላይኛው ደግሞ የኋለኛ ይሆናል። በእያንዳንዱ ንብር የሚገኘው የሸክላ ገል ቅርፁ፣ ቀለሙና ጌጡ ከዘመን ዘመን ስለሚለያይ ተራ የሚመስለው ስብርባሪ ሸክላ ለተመራማሪው የቀን መቁጠሪያ ሆኖ ያገለግላል።

ሁለተኛው ዘዴ አሜሪካዊው ሳይንቲስት ዊላርድ ሊቢ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ያስተዋወቁትና እ.ኤ.አ. በ1960 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት የካርቦን 14 ልኬት ነው። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ በሚኖርበት ጊዜ ካርቦን 14 የተባለውን ንጥረ ነገር ከአየርና ከምግብ ይወስዳል። ከሞተ በኋላ ግን መውሰዱ ያቆምና በውስጡ ያለው በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። የቀረውን መጠን በመለካት ዕድሜውን እስከ 50,000 ዓመት ድረስ መገመት ይቻላል። ዘዴው የሚሠራው ለከሰል፣ ለእህል ፍሬ፣ ለአጥንትና ለመሳሰሉት እንጂ ለድንጋይ አይደለም። ስለዚህ የአንድ ሐውልት ወይም ግንብ ዘመን የሚለየው ከሥሩ ወይም ከግድግዳው መካከል በተገኘው ከሰልና ፍሬ ነው። ያረጀ ዛፍ ከሰል ከሕንፃው የቀደመ ዘመን ሊያሳይ ስለሚችል ተመራማሪዎች በአንድ ክረምት የበቀለውን የእህል ፍሬ ይመርጣሉ።

በአክሱም ቁፋሮ የተገኙት የተቃጠሉ የስንዴ፣ የገብስና የጤፍ ፍሬዎች ከዘመን መለኪያነታቸው በተጨማሪ የጥንቱ ሕዝብ ምን ይመገብ እንደነበር አሳይተዋል። በዚህ ረገድ ከምድጃ ሥር የተገኘ ጥቂት አመድ ከወርቅ ሳንቲም ያላነሰ ዋጋ አለው።

ማስረጃዎች ሲገናኙ

የአንድ ታሪካዊ ድምዳሜ ጥንካሬ የሚለካው እርስ በርስ ያልተነጋገሩ ምንጮች አንድ ነገር ሲመሰክሩ ነው። ለዚህ ክርስትና በአክሱም ቤተ መንግሥት ተቀባይነት ያገኘበት ሁኔታ ጥሩ ምሳሌ ነው።

በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በአምስተኛው መጀመሪያ ላይ የኖረው የላቲን ጸሐፊ ሩፊኖስ ፍሬምናጦስ የተባለው የሶርያ ተወላጅ በአክሱም ቤተ መንግሥት ማደጉንና በኋላም የመጀመሪያው ጳጳስ ሆኖ መሾሙን ይተርካል። የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንዮስ ሁለተኛው በ356 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ገደማ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና የላኩት ደብዳቤ ደግሞ የእስክንድርያው አትናቴዎስ ጽሑፍ ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል። የኢዛና የቀድሞ የድንጋይ ጽሑፎች ማሕረም የተባለውን የጥንት አምላክ ሲጠሩ የኋለኞቹ የሰማይን ጌታ፣ አንዱ የግሪክ ጽሑፍም አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን ይጠራሉ። በሳንቲሞቹም ላይ ቀድሞ የነበረው የጨረቃና የፀሐይ ምልክት በመስቀል ተተክቷል። ተራኪው፣ ደብዳቤው፣ ድንጋዩና ሳንቲሙ ሳይመካከሩ ወደ አንድ ዘመንና ወደ አንድ ንጉሥ ያመለክታሉ። የታሪክ ተመራማሪ በእርግጠኝነት መናገር የሚችለው እንዲህ ሲሆን ነው።

በተመሳሳይ ሁኔታ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ወደ አክሱም ንጉሥ ተሰደው ጥገኝነት ማግኘታቸውን የእስልምና ታሪክ ምንጮች በስፋት መዝግበዋል። ይህም የመንግሥቱ ዝና በዚያ ዘመን ምን ያህል እንደነበር ያስረዳል።

ትውፊትና ቁፋሮ

ትውፊት ከማስረጃዎች አንዱ ነው፤ ይሁንና እንደ ሌሎቹ ሁሉ በምርመራ ያልፋል። በአክሱም ምዕራባዊ ዳርቻ የሚገኘውን የዱንጉር ፍርስራሽ የአካባቢው ሕዝብ የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት እያለ ይጠራዋል። በቁፋሮ የተገኘው ማስረጃ ግን ሕንፃው ከንግሥቲቱ ዘመን በጣም ዘግይቶ፣ ከስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ የተሠራ የታላቅ ሹም መኖሪያ መሆኑን ያመለክታል። ይህ ማለት ትውፊቱ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ሕዝቡ ሥፍራውን በክብር ስሙ እየጠራ ባይጠብቀው ኖሮ ድንጋዩ ለቤትና ለአጥር መሥሪያ ተለቅሞ ባለቀ ነበር።

ከአክሱም በፊት የነበረው ዘመንም የራሱ ማስረጃዎች አሉት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ የተሠራው የይሓ ቤተ መቅደስ እስከ 14 ሜትር በሚጠጋ ቁመት እስከ ዛሬ ቆሟል። ይህ ሕንፃና በአካባቢው የተገኙት በሳባውያን ፊደል የተጻፉ ድንጋዮች በቀይ ባሕር ሁለት ዳርቻዎች መካከል የነበረውን ጥንታዊ ትስስር ያሳያሉ።

የጥናቱ ጉዞ

በአክሱም ላይ የተካሄደው ጥናት ረጅም ጉዞ ተጉዟል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኢዛናን የግሪክ ጽሑፍ ገልብጦ ለዓለም አስተዋወቀ። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1906፣ በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን ቡድን ሐውልቶቹን፣ ሕንፃዎቹንና ጽሑፎቹን ለክቶ፣ ሥሎና ፎቶግራፍ አንሥቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1913 በአራት ቅጽ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ የጠፉ ወይም የተጎዱ በርካታ ነገሮች ዛሬ የሚታወቁት በዚያ መዝገብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1952 የኢትዮጵያ የአርኪዮሎጂ ተቋም ከተመሠረተ በኋላ ፍራንሲስ አንፍሬይ፣ ቀጥሎም ኔቪል ቺቲክ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ ዴቪድ ፊሊፕሰን፣ ሮዶልፎ ፋቶቪችና ካትሪን ባርድ ሰፊ ቁፋሮዎችን አካሂደዋል። ከሀገር ውስጥ ምሁራን መካከል ፕሮፌሰር ሥርግው ሀብለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1972 በእንግሊዝኛ ያሳተሙት የጥንታዊትና የመካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያ ታሪክ የግእዝ፣ የግሪክና የአረብኛ ምንጮችን በአንድነት በማቅረብ ለብዙዎች መሠረት ሆኗል።

ጥናቱ ገና አላለቀም። በይሓ አቅራቢያ «ቤተ ሰማዕቲ» በሚባል ሥፍራ ከ2011 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደ ቁፋሮ ቀድሞ በካርታ ያልነበረ የአክሱም ዘመን ከተማ ተገኝቶ ውጤቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆኗል። በሥፍራው ከአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ የነበረ ቤተ ክርስቲያን፣ የበሬ ራስ የተቀረጸበት ቀይ ድንጋይ ያለው የወርቅ ቀለበትና መስቀል ያለበት የድንጋይ ጌጥ ተገኝተዋል። የአካባቢው ነዋሪዎች ጉብታውን ከጥንት ጀምሮ ልዩ ሥፍራ አድርገው ያዩት ነበር። ተመራማሪዎቹ ወደዚያ እንዲያመሩ የረዳቸው አንዱ ነገር ይኸው የነዋሪዎቹ ዕውቀት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን የሀገሪቱ ክፍል የተካሄደው ጦርነት የመስክ ጥናቶችን ያቋረጠና ቅርሶችን ለአደጋ ያጋለጠ በመሆኑ የተመዘገበና የታወቀ ማስረጃ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ በድጋሚ አሳይቷል።

የሐውልቱ መመለስና ያስገኘው ትምህርት

በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ ከአክሱም ሐውልቶች አንዱ ወደ ሮም ተወስዶ ተተከለ። እ.ኤ.አ. በ1947 የተፈረመው የሰላም ስምምነት ኢጣሊያ ከኢትዮጵያ የወሰደቻቸውን ቅርሶች በ18 ወራት ውስጥ እንድትመልስ ቢያስገድድም ሐውልቱ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ በሮም ቆየ። በግንቦት 1994 ዓ.ም. መብረቅ መትቶ ጉዳት ካደረሰበት በኋላ ተነቅሎ በሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ የጭነት አውሮፕላን ተጓጓዘ። የመጀመሪያው ክፍል ሚያዝያ 11 ቀን 1997 ዓ.ም. አክሱም ገባ። ሐውልቱ በቀድሞ ሥፍራው ተተክሎ ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. በይፋ ተመርቋል።

ሐውልቱን መልሶ ለመትከል የተደረገው ዝግጅት ራሱ አዲስ ዕውቀት አስገኝቷል። ከመትከሉ በፊት መሬት ሳይቆፈር ከሥር ያለውን በሚያሳዩ መሣሪያዎች በተካሄደ ፍተሻ በአካባቢው ቀድሞ ያልታወቁ የመቃብር ክፍሎች መኖራቸው ታወቀ። አስቀድሞ ባይፈተሽ ኖሮ የግንባታው ሥራ ሊጎዳቸው ይችል ነበር። «ከመቆፈር በፊት መፈተሽ» የሚለው መርሕ በዚህ ሥራ በተግባር ተረጋግጧል።

የአስተዳደር አካላት ኃላፊነት

የዛሬይቱ አክሱም የተሠራችው በጥንታዊቷ ከተማ ላይ ነው። በቁፋሮ የተጠናው የጥንቱ ከተማ በጣም ትንሹ ክፍል ሲሆን ቀሪው በቤቶች፣ በመንገዶችና በእርሻ ማሳዎች ሥር ይገኛል። ተመሳሳይ ሁኔታ በሌሎች የሀገሪቱ ክፍሎችም አለ። በመሆኑም የማስረጃው ዕጣ በአመዛኙ የሚወሰነው በተመራማሪው መዶሻ ሳይሆን የቦታ ይዞታ በሚሰጠው፣ የመንገድ ዲዛይን በሚያጸድቀውና የድንጋይ ካባ ፈቃድ በሚፈርመው ሠራተኛ እጅ ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በዚህ ረገድ ግልጽ ድንጋጌዎችን ይዟል። በአዋጁ መሠረት የቅርስ ፍለጋና ቁፋሮ ያለ ፈቃድ ማካሄድ ክልክል ነው። በማዕድን ፍለጋ፣ በሕንፃ ሥራ፣ በመንገድ ግንባታ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ የማስታወቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ ሳይነካ የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ባለሥልጣኑም ቅርሱን መርምሮ የመረከብና የመመዝገብ፣ ላስረከበው ሰውም ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው የማድረግ ኃላፊነት ተጥሎበታል። አዋጁ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ሲል የሰየመው ተቋም በኋላ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን የሚል መጠሪያ አግኝቷል።

ድንጋጌው በተግባር እንዲውል ጥቂት ነጥቦችን ማስታወስ ይበቃል። አንደኛ፣ የግንባታ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ቦታው በባህልና ቱሪዝም ሥራ ባለሙያ እንዲታይ ማድረግ ነው። ሁለተኛ፣ በቁፋሮ መካከል የተጠረበ ድንጋይ፣ ብዛት ያለው ገል፣ ጽሑፍ፣ ሳንቲም ወይም አጥንት ሲገኝ ሥራውን በዚያ ነጥብ ማቆም፣ ዕቃውን ከሥፍራው ሳያነሡ ፎቶግራፍ ማንሣትና የተገኘበትን ጥልቀት መመዝገብ ነው። ሦስተኛ፣ ያገኘውን ያሳወቀ አርሶ አደር ወይም የቀን ሠራተኛ እንደ ጥፋተኛ እንዳይጠየቅ፣ ይልቁንም እንዲመሰገን ማድረግ ነው። ሰው በሪፖርቱ ምክንያት ማሳው እንደሚወሰድበት ወይም ሥራው እንደሚቋረጥበት ከሰጋ ያገኘውን መልሶ መቅበርን ወይም ለነጋዴ መሸጥን ይመርጣል።

በገበያ የተሸጠ የአክሱም ሳንቲም ብረትነቱ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ከየትኛው ንብር፣ ከየትኛው ቤት፣ ከምን ጋር እንደተገኘ የሚናገረው ምስክርነቱ ነው። ይህ ምስክርነት አንዴ ከጠፋ በየትኛውም ላቦራቶሪ ተመልሶ አይገኝም። ሥልጡን ቁፋሮ እንኳ የሚቆፍረውን ንብር እያፈረሰ የሚሄድ በመሆኑ ጠንቃቃ ተመራማሪዎች የሥፍራውን ከፊል ለመጪው ትውልድና ለተሻለ መሣሪያ ሳይነኩ ይተዉታል።

ኢዛና ድንጋዩን ሲያስቀርጽ ጽሑፉ እንዳይፋቅና ከሥፍራው እንዳይነቀል ያጠፋውን ሁሉ እንዲረግም አድርጎ ነበር። ዛሬ የእርግማኑን ቦታ ሕግና መዝገብ ተክተውታል። ሕጉ የሚሠራው ግን በየወረዳውና በየቀበሌው ያለው ሠራተኛ ከፊቱ የተቀመጠው የግንባታ ማመልከቻ ከሥሩ ምን ሊኖር እንደሚችል ጠይቆ ሲፈርም ነው።